«ተቀብያለሁ» የምትለዋ መስመር

ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «ፖስታዋ»። ታውቃለች። አንድ ቀን ስልክ ስታነሳ «ፖስታዋ አለች?» የሚል ሰው ገጥሟት፣ «የለችም፣ ታሽጋ ተልካለች» ብላ ዘጋችበት ይባላል።

የምትሠራው አሠሪና ሠራተኛ በሚያገናኝ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅት ሲባል ብዙ እንዳይጠበቅ፤ ከመነጽር ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ተከታትለው የተሰለፉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። በመጀመሪያው ሥራ ፈላጊዎች ማኅደራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጫማቸውን እያዩ ይቀመጣሉ። በመጨረሻው ሥራ አስኪያጁ አለ። በመሃል ፖስታዋ። ከዚህ ወደዚያ የሚያልፍ ሁሉ የጠረጴዛዋን ጥግ በጭኑ ሳይነካ አያልፍም። ጠረጴዛውን እንዲህ አጋድማ ያስቀመጠችው ራሷ ናት፤ ለምን ሲሏት «ብርሃን ፍለጋ» ትላለች። መስኮቱ ግን ያለው በሌላው ክፍል ነው።

ሥራዋ የቅጥር ደብዳቤ ነው። አንድ ድርጅት ሰው ሲመርጥ «ይህን ሥራ፣ በዚህ ደመወዝ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ብንሰጥህ ትመጣለህ ወይ?» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይጽፋል። ደብዳቤው በቀጥታ ለተመረጠው ሰው አይሄድም፤ መጀመሪያ ፖስታዋ እጅ ይገባል። ከራስጌው እስከ ማኅተሙ ታነበዋለች። የምታነበው ወሬ ስለምትወድ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ የቀለም ፋብሪካ «የሙከራ ጊዜ ሦስት ወር» ለማለት ፈልጎ «የመከራ ጊዜ ሦስት ወር» ብሎ ልኳል። ፖስታዋ በዚያ ቀን ጉንፋን ጥሏት ስለነበር ሳታየው አለፈ። ተቀጣሪው ግን አየው።

«እትዬ፣ እንደነዚህ ያለ እውነተኛ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አለ። «ሌላው ቤት እኮ መከራውን የሚነግርህ ከገባህ በኋላ ነው።» ፈረመና ገባ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። መንገድ ላይ ሲያገኛት «ሦስቱ ወር ገና አላለቀም» ይላታል።

ካነበበች በኋላ ተመራጩን ትጠራለች። ወንበር ስባ ታስቀምጠዋለች፣ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ታነብለታለች፣ ዓይኗን ግን ከወረቀቱ ይልቅ ፊቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ወረቀቱንማ በቃሏ ይዛዋለች። ሰው ደመወዙ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚተነፍስ ስታጠና ነው የኖረችው። በአፍንጫው ከተነፈሰ ይመጣል። በአፉ ከተነፈሰ ይደራደራል። ትንፋሹን ዋጥ ካደረገ ሌላ ቦታም ደብዳቤ ይዟል። ገና ሳይነበብለት «ፎቶ ኮፒ ይኖራል?» ያለ እንደሆነ ደግሞ ወረቀቱን የሚፈልገው አሁን ላለበት አለቃ አሳይቶ ጭማሪ ሊጠይቅበት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ትላለች። ማሽኑ ከኋላዋ እያጓራ ወረቀት ሲተፋ እንኳ ትላለች።

አሠሪዎቹም የየራሳቸው አመል አላቸው። «እስቲ ደውለሽ በአፍሽ ንገሪው፤ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚሉ ሞልተዋል። በአፍ አትነግርም። እሷ ራሷ በአፍ ስለተቀጠረች ታውቀዋለች። የድርጅቱ መሥራች፣ አሁን በሕይወት የሌሉት ሽማግሌ፣ የታይፕ ፈተናዋን አይተው «ነገ ነይ» አሏት።

«ስንት ሰዓት?»

«ስትደርሺ።»

«ደብዳቤስ?»

«ራስሽ ከመጣሽ ደብዳቤ ምን ይሠራልሻል?»

ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው ሁሉ የቅጥር ደብዳቤ ስትሰጥ የራሷ የላትም። በልጃቸው ዘመንም አልተጻፈላትም። ልጁ፣ ማለትም የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ፣ በእሷ ጠረጴዛ ሥር የፕላስቲክ መኪና እየነዳ ያደገ ነው፤ ከእሱ ደብዳቤ መጠየቅ ያሳፍራታል። እንግዳ ፊት «እርስዎ» ትለዋለች። እንግዳው በሩን ሲዘጋ «አንተ ልጅ» ይመለሳል።

በገባች በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ነርስ «ደብዳቤ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም» ብላ ካደች። ክሊኒኩ ሽማግሌው ላይ ጮኸ፣ ሽማግሌው ፖስታዋ ላይ ጮኹ፣ «ከእንግዲህ እያስፈረምሽ ስጪ!» ተባለ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከደብዳቤው ግርጌ የምትለጠፍ አንዲት ጠባብ ቅጽ በታይፕ መታች። ተቀብያለሁ። ስም። ፊርማ። ቀን። በቃ። ደብዳቤው እጄ ገብቷል ማለቷ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ግን አሠሪዎቹ ቅጿን ሲያዩ ሌላ ነገር ማንበብ ጀመሩ። ተቀብሏል፤ እሺ ብሏል፤ ይመጣል። እውነትም ከአሥሩ ዘጠኙ ይመጡ ስለነበር ማንም ተሳስቻለሁ አላለም። የአሥረኛውም ነገር እንደምንም በስልክ ይቃና ነበር። ቃሏ ስንት ዓመት ሁለት ጭነት ባንድ ጀርባ ተሸክማ ስትመላለስ፣ የሰውን ፊደል እንደ ጤፍ የምትለቅመው ሴትዮ የራሷን አላየችም።

ታዲያ አንድ ሰኞ መካኒኩ መጣ።

አርባ ዓመት የተጠጋው፣ እጁ ሳሙና የማያስለቅቀው ዘይት የጠጣ፣ ቃል በጠብታ የሚያወጣ ሰው ነው። በአንድ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የማሸጊያ ማሽን ሲጠግን አሥራ አንድ ዓመቱ። አሁን የጠርሙስ ፋብሪካ መርጦታል፤ ፋብሪካው ያለው ግን በሌላ ከተማ፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ርቆ ነው። ፖስታዋ አነበበችለት። ደመወዙ ጋ ስትደርስ በአፍንጫው ተነፈሰ። «ይመጣል» አለች በሆዷ። እሱ ግን ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፍ አድርጎ፣

«እትዬ፣ እስከ ዓርብ ጊዜ ይስጡኝ» አለ።

«ምን ልታደርግበት?»

«ልጄ አትሰማም። ስምንት ዓመቷ ነው። እዚህ በእጅ ምልክት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አግኝቼላታለሁ። እዚያም መኖሩን ልጠይቅ። ካለ እንሄዳለን። ከሌለ የለም።»

«ባለቤትህስ ምን ትላለች?»

«እሷ የምትለው ትምህርት ቤቱን ነው።»

«ደግ። እስከ ዓርብ። በል እዚህች ላይ ፈርምልኝ፣ ደብዳቤው እንደደረሰህ እንዲታወቅ።»

ፈረመ። ፊርማው እንደ ሰውየው አጭር ነበር። ፖስታዋ አንዱን ቅጂ ለእሱ ሰጠች፣ ሌላውን ከነቅጹ እንደ ልማዷ ለፋብሪካው ላከች። እስከ ዓርብ የተባለችውን ነገር ግን ለፋብሪካው አልነገረችም። ዓርብ ሲደርስ መልሱን ከነምክንያቱ አንድ ላይ እነግራለሁ ብላ ነው። ሁለት ጊዜ መደወል ትጠላለች፤ ለወሬ ካልሆነ።

ዓርብ ጠዋት መካኒኩ ከፈረቃ ኃላፊው የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠይቆ መጣ።

«የለም» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ምኑ?»

«ትምህርት ቤቱ። ስንት ቦታ ደወልኩ መሰለዎት። አንዲት መምህርት አለች አሉኝ፤ እሷም ጡረታ ልትወጣ ነው። ስለዚህ አልሄድም። አክብራችሁ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ በሉልኝ።»

ፖስታዋ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ወረቀት ስትስብ ስልኩ ጮኸ። ስልኳ የድሮ ነው፤ ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ድምፁ ትንሽ ወፈር ካለ ክፍሉ ሁሉ ይሰማዋል። የዚህኛው ደግሞ ወፈር ከማለትም አልፏል።

«ሄሎ! ሰው የምታገናኙት እናንተ ናችሁ? መካኒክ ፈልጉልኝ! የማሸጊያ ማሽን የሚያውቅ! ሰኞ የሚጀምር! ያለኝ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

መካኒኩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጋሼ ናቸው» አለ በሹክሹክታ። «የኛ ጋሼ፣ የወተት ቤቱ ባለቤት።»

ፖስታዋ ክው አለች። ቢሆንም ድምፅዋን አለሳልሳ፣ «ማን ነገረዎት ጋሼ፣ እሱ ራሱ ነው?» አለች።

«እሱማ የት ነግሮኝ! እሱማ ቢነግረኝ ይሄን ሁሉ እናደዳለሁ? ረቡዕ ዕለት ከጠርሙስ ፋብሪካ ደብዳቤ መጣልኛ! ‹ሠራተኛዎ በድርጅታችን ለመቀጠር ጥሪያችንን የተቀበለ ስለሆነ የሥራ ልምዱን ያረጋግጡልን› ይላል! አሥራ አንድ ዓመት! ከልጆቼ ፊት የሱን ፊት ነው አብዝቼ ያየሁት! አሁንም ዓይኑን በጨው አጥቦ ይመጣል፣ እንደምን አደሩ ይለኛል! ሰኞ እንዲያውም እኔ ነኝ የማሰናብተው! ሰኞ!»

ስልኩ ተዘጋ።

«ከረቡዕ ጀምሮ ሰላምታዬን አይመልሱም» አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ። «ጥርሳቸውን ያመማቸው መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ድንገት የማያውቀው ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የተቀበልኩት ወረቀቱን ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እሺ አላልኩም እኮ!»

«አላልክም። ሂድ ሥራህ ግባ። ምንም እንዳልሰማህ ሆነህ ማሽንህን ጠግን። የቀረውን ለኔ ተወው።»

ሄደ። ተወው ያለችውን ነገር በምን በኩል እንደምትይዘው ግን እሷም አላወቀችም። መጀመሪያ ፋብሪካው ጋ ደወለች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወጣት ናት፤ ስትናገር እያንዳንዱን ቃል ማኅተም የመታችበት ይመስላል።

«ተቀብያለሁ ብሎ ፈርሟል እኮ፣ እትዬ።»

«ወረቀቱን ነው የተቀበለው።»

«ወረቀቱን ምን ሊያደርገው?»

«ሊያነበው።»

«አንብቦ ነዋ የተቀበለው!»

«አይ የኔ እህት፣ ሊያነበው ነው የተቀበለው።»

«በዚህ ጉዳይ አልቀልድም። ቦታው ተይዟል ብለን ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች አሰናብተናል። ተቀብያለሁ ማለት ሌላ ትርጉም ካለው እስቲ ያስረዱኝ።»

ሌላ ትርጉምማ አለው። ችግሩ የኃላፊዋም ትርጉም ትርጉም መሆኑ ነው።

በመስታወቱ ሲያያት የቆየው ሥራ አስኪያጅ ከክፍሉ ወጣ። ነገሩን ሰማ፤ እየሰማ ፊቱ እየበራ ሄደ።

«ቆይ እስቲ እትዬ። መካኒኩ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። ወተት ቤቱም መካኒክ ጠይቆናል። አንድ የነበረው ሥራችን ሁለት ሆነ ማለት እኮ ነው!»

«ልጅቷስ?»

«የቷ ልጅ?»

«የማትሰማዋ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ራሱ ነው የፈረመው። ማን እጁን ያዘው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው የመካኒኩ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ጥፋቱም እሱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሰኞ ይሰናበታል፣ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ጠርሙሱ ከተማ ከመሄድ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ልጅቷ እቤት ትቀመጣለች። ለፖስታዋ የሚቀርባት ነገር የለም። እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ ደስ ይለዋል።

«እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባትህ ደብዳቤው መድረሱን አስፈርሚ አሉኝ። እኔ ባንድ በኩል ደረሰኝ፣ ባንድ በኩል እሺ የሚል ቃል ጻፍኩ። ሰውየውን ያላለውን ነው ያስባልኩት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላለም!»

«አሁን አለ። አንተ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ወተት ቤት እሄዳለሁ። አልገባችም ብለህ እንዳትፈልገኝ።»

ከሥራ ስትመለስ ነገሩን ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ሁሉን ነገር ለክቶ ካላየው አይናገርም። ዝም ብሎ ሰማት፣ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣

«ቆይ፣ እኔንስ ያኔ ተቀብለሽኝ ነው ወይስ ደርሼሽ ነው?» አለ።

«አንተማ ያለ ደብዳቤ ነው የመጣኸው። የሙከራ ጊዜህም ገና አላለቀም።»

«ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው!»

«እኮ፣ እየተራዘመልህ ነው።»

ሳቁ። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ ከመሳቢያው ንጹሕ ወረቀት አወጣችና መጻፍ ጀመረች። ባሏ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ ካነበበ በኋላ «ያስሩሻል» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ወተት ማቀነባበሪያው በር ላይ ነበረች። ጥበቃው መታወቂያዋን ገልብጦ አየ፣ ቦርሳዋን አስከፈተ፣ «ጋሼ ዛሬ ሰው አያናግሩም» ብሎ አቆማት። «መካኒክ አምጪ ብለውኝ ነው» ስትለው ግን በሩ ወዲያው ተከፈተ። ግቢው በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ሲሚንቶው ያብረቀርቃል፤ ከታጠበውም በታች የኮመጠጠ ወተት ሽታ አለ። በማሸጊያው አዳራሽ በር በኩል ስታልፍ መካኒኩን አየችው፤ ማሽኑ ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል።

ባለቤቱ ነጭ የላስቲክ ቦት ጫማ ያደረጉ ግዙፍ ሰው ናቸው። ፀጉር የሌለው ራሳቸው ላይ የፀጉር መሸፈኛ ቆብ አጥልቀዋል። ጠረጴዛቸው በወረቀትና በባዶ የእርጎ ዕቃ ተሞልቷል።

«የታል መካኒኩ?» አሉ።

«እየመጣ ነው ጋሼ። በቅድሚያ ይቺን ደብዳቤ ይቀበሉኝና።» ወረቀቱን ከነቅጹ አቀረበችላቸው፣ ብዕሩን ክፍቱን፣ ጣቷን ፊርማው ቦታ ላይ አድርጋ። በሥራ ዘመኗ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ተምራለች፤ አለቃ የሆነ ሰው ብዕር ተከፍቶ ሲሰጠው ይፈርማል፣ የሚያነበው በኋላ ነው።

ፈረሙ።

ፖስታዋ ቅጂዋን ወደ ራሷ ሳበች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ለተመራጭ እንደምታነበው ጮክ ብላ አነበበች። «ለወተት ማቀነባበሪያው ባለቤት። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ለዚህ ደብዳቤ አምጪ እንዲያስረክቡ፣ እርስዎም በዋናው በር የጥበቃ ሥራ ላይ እንዲመደቡ በትሕትና እንጠይቃለን።» ቀና አለች። «ተቀብያለሁ ብለው ፈርመዋል። ጋሼ፣ ሰኞ ስንት ሰዓት ልግባ?»

ሰውየው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ይሄ ማጭበርበር ነው! እኔ ወረቀቱን ነው እንጂ...»

«ወረቀቱን ነው እንጂ ምን?» አለች ፖስታዋ።

ሰውየው ጎንበስ ብለው የገዛ ፊርማቸውን አዩ።

«እሱም ወረቀቱን ነው። እስከ ዓርብ አስቤ ልንገራችሁ አለኝ፤ እኔ ለፋብሪካው ሳልነግር የፈረመውን ላክሁት። ቅጹንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትናንት እርስዎ ሲደውሉ ፊቴ ቆሞ አልሄድም እያለኝ ነበር። ማሰናበት ካማረዎት እኔን ያሰናብቱ፤ ግን አልተቀጠርኩልዎትም።»

ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ቀስ ብለው ሲናገሩ ድምፃቸው የስልኩ አልነበረም።

«እሺ፣ አልተስማማም እንበል። ደብዳቤውንስ ለምን ፈለገው? ሌላ ቦታ ሄዶ ተወዳድሯል ማለት ነው። ሳይነግረኝ።»

ፖስታዋ ለዚህ አላጠናችም። ቀልድም አልመጣላትም።

«ተወዳድሯል» አለች። «ሰው ያለበት ቦታ ሆኖ ሌላውን ያያል ጋሼ። እርስዎስ እሱ ገና ከሥራዎ ሳይለቅ ትናንት ደውለው ሌላ መካኒክ አልጠየቁኝም? እርስዎም ለእሱ አልነገሩትም።»

«እኔ ተናድጄ ነው!»

«እሱ ደግሞ ልጅ አለችው።»

«የማትሰማዋን?» አሉ ጋሼ። ያውቋታል። «ለትምህርት ቤቷ እኮ እኔ ነኝ ከርእሰ መምህሩ ጋር ያገናኘሁት።»

«ላለመሄድም ምክንያቱ እሱ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከተማ የለም።»

ሰውየው መስኮቱን ተመለከቱ። መስኮቱ የሚያሳየው የወተት ማመላለሻ መኪና ጎማ ብቻ ነው።

«ሰኞ ሰው አትላኪ» አሉ በመጨረሻ።

«ይህንኑ በጽሑፍ ቢያደርጉልኝ...»

«ውጪልኝ!»

ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ጠሯት። «ስሚ። ይቆይ ብያለሁ እንጂ አናግረዋለሁ አላልኩም። አላናግረውም።»

«አያናግሩት ጋሼ። ያሠሩት እንጂ።»

የጠርሙስ ፋብሪካው ኃላፊ ሰኞ ዕለት የጻፈችው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር፤ ባጭሩ ሲነበብ ለስድስት ወር ሰው አትላኩልን ነው። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባና ሳምንቱን ሙሉ በሩን ዘግቶ ሠራ። ሲያልፍ የጠረጴዛዋን ጥግ እንኳ እየዞረ ነበር የሚሄደው። ፖስታዋ አዲስ ቅጽ ጻፈች፤ በሁለት መስመር። አንደኛው «ይህ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ መልሴን እስከዚህ ቀን እሰጣለሁ»፣ ሁለተኛው «በሥራው ለመቀጠር ተስማምቻለሁ»። ከእንግዲህ ሰው ሁለት ጊዜ መፈረም አለበት፤ እሷም ሁለት ጊዜ መደወል አለባት። ለቅጣት ይሁነኝ አለች።

እንቅልፍ የነሳት ግን የፋብሪካው ደብዳቤ አልነበረም። ያኮረፈ አለቃ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ይላል። በወሩ የረሳ ይመስላል። በሦስተኛው ወር አንዲት ብሎን ጠፋች ብሎ ያሰናብታል። ስንቱ እንዲህ ተሰናብቶ እሷ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መካኒኩ ጋ ትደውላለች።

«አናገሩህ?»

«አላናገሩኝም።»

በማግስቱም፣ «አናገሩህ?»

«በፈረቃ ኃላፊው በኩል ነው። ‹ለዚያ ሰውዬ ቀበቶው ላልቷል በልልኝ› ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። ኃላፊው ዞር ብሎ ‹ቀበቶው ላልቷል› ይለኛል። ‹እያጠበቅሁት ነው በላቸው› እለዋለሁ። ይነግራቸዋል።»

«ፊታቸውስ?»

«ግድግዳ ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እንደምን አደሩ ስትል?»

«ለማሽኑ ያልኩት ይመስል ወደ ማሽኑ ያያሉ።»

«ማለቱን እንዳታቋርጥ። ድምፅህንም ከፍ አድርገው።»

በዘጠነኛው ቀን እሷ ሳትደውል እሱ ደወለ። ጊዜው ገና ረፋድ ነው። ሰውየው ቃል በጠብታ የሚያወጣ ስለሆነ፣ ሳይደወልለት ሲደውል ተሰናብቷል ብላ ሰጋች። ፊቷ የነበረችውን ሥራ ፈላጊ «አንድ ጊዜ» አለቻትና የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን ሆንክ?»

«ጠዋት ማሽኑ ቆመ። ሁለት መቶ ከረጢት ወተት መሬት ላይ ፈሰሰ።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ጋሼ መጡ። ወተቱ መሃል ቆሙ። እኔን ቀጥ አድርገው አዩኝ።»

«ኃላፊውስ?»

«ኃላፊው አጠገባቸው ነበር። ዞር በል አሉት።» መካኒኩ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከዚያ ሰደቡኝ።»

ፖስታዋ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። «ራሳቸው? በአፋቸው?»

«በአፋቸው። ‹አንተ ዝገታም! ይሄን ማሽን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታባብለው ኖረህ ዛሬ ጉድ ታደርገኛለህ? ነገ ካልተነሳ አንተን ነው የማሽገው! ልጅቷንም በል ነገ ቶሎ ትምህርት ቤት አድርሰህ ና፣ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል እዚህ እንዳገኝህ!› አሉኝ።»

«ተመስገን!» አለች ፖስታዋ፣ ፊቷ ያለችው ሥራ ፈላጊ እስክትደነግጥ ድረስ ጮክ ብላ። «ተመስገን! በል ድገምልኝ። ከ‹ዝገታም› ጀምረህ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር።»

ከ«ዝገታም» ጀምሮ ደገመላት።